ከቁባዎቹ ፊት ያሉት ድንጋዮች

(ይህ በአንድ የወጣቶች የታሪክ ምሽት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ነው የጻፍኩት። ሳሉን፣ የወንበሩን ድምፅና ሁለት ጊዜ የጠፋውን መብራት ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አመሻችሁ።

ምንም ከማለቴ በፊት ይህን ፎቶ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩልኝ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ፕሮጀክተሩ ትንሽ ደክሟል።

ደረቅ ተራራ አለ። ከተራራው ሥር ሁለት ቁባ፣ ቀብር ላይ የተሠራ ጉልላት ያለው ቤት፣ ጎን ለጎን ቆሟል። ከእነሱ ፊት፣ እስከ ፎቶው ጠርዝ ድረስ፣ ድንጋይ። ዝቅ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ድንጋይ። ይህ የመካው የሙዓላ መቃብር ነው። ከሐረም፣ ከካዕባው ታላቅ መስጊድ፣ ወደ ሰሜን፣ ሐጁን በሚባለው ሰፈር። ፎቶው የ1880ዎቹ ነው። ያኔ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ገና እየቆረቆሩ ነበር።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ፎቶ ወይም የሚመስለው በስልክ የደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ግማሹ ቤት። ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ሁለት ሆኖ ነው የሚላከው፣ «በፊት» እና «አሁን» ተብሎ። በፊት ቁባ፣ አሁን ሜዳ። ከሥሩ ደግሞ ወይ ስድብ አለ፣ ወይ ለስድቡ የተሰጠ መልስ። እኔ ራሴ ያለሁበት አንድ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ በዚህ ፎቶ ምክንያት ለሁለት ተከፍሏል። እውነቴን ነው። አሁን ሁለት ግሩፕ አለን፣ የሠርግ ጥሪ ለሁለቱም ይላካል።

እኔ ዛሬ ቁባዎቹ መፍረስ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር ውስጥ ልገባ አልመጣሁም። ዓሊም፣ የሃይማኖት ምሁርም አይደለሁም። ያደግኩት ፎቶ ቤት ነው። አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሪታች እሠራለሁ። የተቀደደ እጠግናለሁ፣ የደበዘዘ አወጣለሁ፣ ሲጠይቁኝም ሰው ከፎቶ አወጣለሁ። ከፍቺ በኋላ ስንት ሰው እንደሚመጣ ብነግራችሁ አታምኑም። እናም አንድ ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ይታያል» ብዬ አይደለም። «ማን አነሣው፣ ማን ነካካው፣ ምን ወጣ» ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ነው ዛሬ ለዚህ ፎቶ የምጠይቅለት።

ማን አነሣው?

ቀድመው ካሜራ ወደ ሐረመይን፣ ወደ መካና መዲና፣ የወሰዱት አንድ ግብፃዊ የጦር መሐንዲስ ናቸው። ሙሐመድ ሳዲቅ ይባላሉ። ፓሪስ የተማሩ ሰው ናቸው። በ1861 ወደ መዲና የተላኩት ለካርታ ሥራ ነበር፣ መንገዱን እንዲለኩ። ካሜራቸውን ግን ይዘው ሄዱ። እስከ ዛሬ የሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ የመዲና ፎቶዎች የእሳቸው ናቸው። በ1880 ደግሞ ከግብፁ የመሕመል ጉዞ፣ በየዓመቱ ከካይሮ ይወጣ ከነበረው የሐጅ ጉዞ፣ ጋር ተመለሱ፣ የጉዞው ገንዘብ ያዥ ሆነው። ያኔ መካንም አነሡ። በሚቀጥለው ዓመት ቬኒስ ላይ በጂኦግራፊ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ።

በ1861 ፎቶ ማንሣት ማለት ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህ የእኔ ሙያ ነው፣ ደስ ይለኛል። መስታወት ትወስዳለህ። ፈሳሽ ኬሚካል ትቀባዋለህ። ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ሳይደርቅ ታነሣለህ፣ ሳይደርቅ ጨለማ ውስጥ ገብተህ ታጥበዋለህ። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ። ከደረቀ አለቀ። እንግዲህ ይህን በሒጃዝ ፀሐይ አስቡት። ጨለማ ክፍሉ ድንኳን ነው፣ ጭነቱ በግመል ነው፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ ውሃ ብርቅ ነው። ፎቶ ከተነሣ በኋላ «አልወደድኩትም ድገመው» የሚሉኝን ደንበኞች ሳስብ ሳዲቅ ቤይ ይታወሱኛል።

ወደ ሙዓላው ፎቶ ልመለስ። ከሳዲቅ ጥቂት ዓመታት በኋላ ታሪኩ ውስጥ ሁለት ዓብዱልገፋሮች ይገባሉ። አትቀላቅሉብኝ።

አንደኛው ሆላንዳዊ ነው። ስኑክ ኹርኽሮንየ ይባላል፣ የላይደን ምሁር። ዶክትሬቱን የሠራው በሐጅ ላይ ነው፣ መካን ሳያይ። በ1884 ጅዳ ገባ። ሰለምኩ አለ፣ ስሙንም ዓብዱልገፋር አለ። ከልቡ ነበር ወይ የሚለው ላይ ምሁራን ዛሬም ይነታረካሉ፣ ለእነሱ ልተውላቸው። በ1885 በየካቲት ወር መካ ገብቶ ወደ ስድስት ወር ያህል ተቀመጠ። ካሜራም ነበረው።

ሁለተኛው ዓብዱልገፋር የመካ ሰው ነው። ሐኪም ነው። ሰይድ ዓብዱልገፋር። ሆላንዳዊው ካሜራ አያያዝ አሳየው፣ እሱም ቶሎ ገባው።

ከዚያ ሆላንዳዊው ተባረረ። ነሐሴ ላይ፣ ሐጁ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት። ምክንያቱ መቃብርም ፎቶም አልነበረም። ተይማ ከሚባል ቦታ የተገኘ ጥንታዊ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ነበር፣ አውሮፓውያን የሚሻሙበት። በዚያ ሰበብ ስሙ ፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ ወጣና ያኔ መካን የሚያስተዳድሩት ቱርኮች ውጣ አሉት። በሐጅ ላይ መጽሐፍ የጻፈው ሰው ሐጅን ሳያይ ቀረ። ካሜራው ግን መካ ቀረ፣ ሐኪሙ እጅ።

ሐኪሙም አነሣ። ሐጃጁን አነሣ፣ የመካን ገዥዎች ሸሪፎቹን አነሣ፣ ሐረሙን አነሣ፣ ከተማውን አነሣ። ፎቶዎቹን በጅዳ በኩል ወደ ሆላንድ ላከ። በ1888ና በ1889 የመካ ሥዕሎች ስብስብ እዚያ ታተመ። በስብስቡ ላይ የማን ስም ያለ ይመስላችኋል? ሐኪሙ በስሙ አልተጠቀሰም፣ «የመካ ሐኪም» ሆኖ ቀረ።

አሁን ስሙኝ፣ ይህ ነው እኔን እንቅልፍ የነሣኝ። ሰይድ ዓብዱልገፋር ፎቶዎቹ ላይ ይፈርም ነበር። ጌጠኛ በሆነ የዓረብኛ ጽሕፈት፣ ከጥግ ላይ። «ፉቱግራፊያ፣ አስ-ሰይድ ዓብዱልገፋር፣ ጠቢብ መካ» ይላል። የእሱ ፊርማ ያለባቸው ህትመቶች ዛሬም አሉ። ሲያዩት ሰውየው በሥራው እንደሚኮራ ያስታውቃል። ላይደን በታተመው ላይ ግን ፊርማው የለም። ጠፍቷል። ተፍቋል።

መስታወት ላይ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ወይ በምላጭ ትፍቀዋለህ፣ ወይ በቀለም ትሸፍነዋለህ። የፋቅከው ሲታተም ጥቁር ይወጣል፣ የሸፈንከው ነጭ። ጎበዝ ሪታቸር ከሆንክ ሁለቱንም ከአካባቢው ጋር ታመሳስለዋለህ። ግን ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም። ሁልጊዜ የሆነች ነገር ትቀራለች፣ ጭጋግ ነገር። እኔ በዚህ ሙያ ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ስንት ሰው ከፎቶ አውጥቼ፣ የፎቶ አንሺውን ስም አውጣልኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። የሐኪሙ ሥራ ለሐኪሙ ተመልሶ የተሰጠው ምሁራን ፊርማ ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን አድርገው ማየት ሲጀምሩ ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ።

እና በስልክ ስትላላኩ ቆይታችሁ፣ ከመካ ሕዝብ መሐል የመጀመሪያ ፎቶ አንሺ ተብሎ የሚታወቀውን ሰው ስም የሰማችሁ ስንት ናችሁ? እሺ፣ አንድ ሰው። አመሰግናለሁ፣ አንተ የታሪክ ተማሪ ነህ፣ አትቆጠርም።

ምን ይታያል ወደሚለው ልለፍ።

ሁለቱ ቁባዎች። አንዱ የእናታችን የኸዲጃ ነው ይባላል፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያ ባለቤት። ያረፉት ከሒጅራ ሦስት ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ እዚያው መካ። የነቢዩ አያት ዓብዱልሙጠሊብና አጎታቸው አቡ ጧሊብም ሙዓላ ነው የተቀበሩት ይባላል። ሌላው ቁባ የእናታቸው የአሚና ነው ይባላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ የሚል ሰው ቅንድቡን ያነሣል። ምክንያቱም በሲራ፣ በነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ መጻሕፍት የታወቀው አሚና የሞቱት አብዋ ላይ መሆኑ ነው፣ በመካና በመዲና መካከል፣ መንገድ ላይ። ሕፃኑን ሙሐመድን ከዚያ ይዛ መካ ያስገባችው ደግሞ በረካ ናት፣ ኡሙ አይመን። የሐበሻ ልጅ። ይህን ታሪክ ልጆች ሆነን ያልሰማ የለም። እንግዲህ አሚና አብዋ ከቀሩ ሙዓላ ላይ ቁባቸው ምን ይሠራል? ሕዝብ ሠራላቸው። ሕዝብ የሚወደውን ሰው ቅርቡ ይፈልገዋል። የእኛ ሀገር የዚያራ ቦታዎችን፣ ቀብር የሚጎበኝባቸውን፣ የሚያውቅ ይህ አይገርመውም።

ሁለተኛው ጠንቀቅ የሚያስብል ነገር የቁባዎቹ ዕድሜ ነው። ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ «የ1400 ዓመት ቅርስ» ይባላል። መቃብሩ አዎ፣ ያን ያህልና ከዚያም በላይ ነው። ቁባዎቹ ግን አይደሉም። በ1814 ቡርክሃርት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ሸኽ ኢብራሂም ተብሎ መካ ገብቶ ነበር። ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት ከተማውን ይዞ፣ በመካም በመዲናም የቀብር ቁባዎችን አፍርሶ ነበር። ቡርክሃርት ሙዓላን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የኸዲጃ ነው በሚባለው ቀብር ላይ ያለው ድንጋይ ራሱ፣ ጽሕፈቱን አይቶ፣ ለዚያ ቀብር የተሠራ አይመስለኝም ብሎ ጽፏል። የአሚና የሚባለው ደግሞ ለሁለት ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቱርኮች መልሰው ሠሩ። ስለዚህ ይህ ፎቶ ላይ የምታዩት ቁባ፣ ፎቶው ሲነሣ ቢበዛ 75 ዓመት ነው። ፒያሳ ላይ ከዚያ የሚያረጅ ቤት አለ። ይህን የምለው ቁባውን ለማሳነስ አይደለም። «በፊት» የምንለው ፎቶ ራሱ የሌላ «በፊት» «አሁን» ነው ለማለት ነው። ፈርሶ ነበር፣ ተሠራ፣ ፎቶ ተነሣ፣ እንደገና ፈረሰ።

እንደገና የፈረሰው በ1920ዎቹ ነው። የኢብን ሳዑድ፣ የዛሬዋን ሳዑዲ ዓረቢያ የመሠረቱት ንጉሥ፣ ጦር በጥቅምት 1924 መካ ገባ። መዲና በ1925 መጨረሻ እጇን ሰጠች። የሙዓላ ቁባዎች ሄዱ። የመዲናው መቃብር በቂዕ ደግሞ በሸዋል 8፣ 1344 ሒጅራ፣ ማለትም በሚያዝያ 1926። ሺዓዎች ያችን ቀን እስከ ዛሬ በሐዘን ያስባሉ። ከሕንድ እስከ ኢራን ብዙ ጩኸት ተነሥቶ ነበር፣ ከሱኒውም ከሺዓውም።

ያፈረሱት ሰዎች ማስረጃ ነበራቸው። ነቢዩ ለዓሊ ከፍ ያለ ቀብር አግኝተህ ሳታስተካክል አትለፍ ያሉት ሐዲስ ሰሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ያዘኑትም ማስረጃ ነበራቸው። ቀብር እንዳትጎበኙ ከልክያችሁ ነበር፣ አሁን ግን ጎብኙ የሚለው ሐዲስም ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው። ሁለቱም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያሉት፣ ሁለቱም በዚያው ምዕራፍ። የግሩፓችን አንዱ አጎት አንደኛውን ብቻ ነው የሚልከው። ሌላኛው አጎት ሌላኛውን ብቻ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፣ ስለ በቂዕ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አስሐመት አን-ነጃሺ ሲሞቱ ነቢዩ መዲና ሆነው ዜናውን ለሶሓቦች ነገሩ። ሰልፍ አሰለፏቸው፣ አራት ተክቢራ አደረጉ፣ ሰገዱባቸው። አስከሬን የለም። ንጉሡ ሐበሻ ናቸው ያሉት፣ ባሕር ማዶ። ኢብን ማጃህ በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ዘገባ ላይ ለዚህ ሰላት የወጡት ወደ በቂዕ ነው ይላል። የእኛ ንጉሥ ቀብሩ እዚህ፣ የጀናዛ ሰላቱ እዚያ። ትግራይ ውስጥ ነጋሽ ሄዳችሁ የምታውቁ እዚያም ከሶሓቦች ጋር 15 ቀብር እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ። የነጋሽ መስጊድም የራሱ «በፊት» እና «አሁን» ፎቶ አለው። በቱርክ ድጋፍ ታድሶ ቆንጆ ሆኖ ነበር። በ2020 መጨረሻ በትግራዩ ጦርነት ተመታ። ያንን ፎቶ ሳይ ስለ ቁባ የማወራው ወሬ ሁሉ አፌ ላይ ደረቀ። የሌላ ሰው ፍርስራሽ ላይ መከራከር ቀላል ነው።

እሺ። ማን ወጣ? ይቺ ናት ሦስተኛዋ ጥያቄዬ።

ፎቶው ላይ ሰው ብዙ አይታይም። መቃብር ስለሆነ ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ሙዓላ በዚያ ዘመን ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ከጃዋ፣ ከሕንድ፣ ከማግሪብ፣ ከሱዳን የመጣ ሐጃጅ መሪውን ተከትሎ ይገባ ነበር። መሪው ዱዓውን ያስብላል፣ ሐጃጁ ይደግማል፣ ከዚያ እጅ ይዘረጋል። ሕፃን ይሮጣል። ለማኝ ይለምናል። የዚያራ ቦታ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰላማዊ ነው ግን ጫጫታ ነው። ፎቶ አንሺው ቁባውን ፈለገ፣ ቁባውን አገኘ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እኔም ሠርግ ሳነሣ ምግብ የሚያቀርቡት ልጆች ፎቶ ውስጥ እንዳይገቡ እጠነቀቃለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍራል።

እናም ሌላ የማይታይ አለ። በ1880ዎቹ መካ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ነበር። ነጋዴ ነበር፣ ሐጃጅ ነበር፣ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ነበር። አብዛኛው ግን ባሪያ ነበር። ሆላንዳዊው ራሱ ስለ ባሪያ ገበያውና ስለ ሐበሻ ሴቶች ገጽ በገጽ ጽፏል። ከምፅዋ፣ ከታጁራ፣ ከዘይላ በጀልባ የተሻገሩ ልጆች። ስማቸው እዚያ ይቀየራል፣ የአበባ ወይም የሽቶ ስም ይወጣላቸዋል። በመካ ትልልቅ ቤቶች የስንቱ ልጅ እናት ሐበሻ ነበረች። እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ የት ሄዱ? ከተማው የሚቀበርበት ሄዱ። ቁባ አልተሠራላቸውም፣ የሚያፈርሰውም አላሰበም። መዲና ደግሞ የነቢዩን መቃብር ክፍል ቁልፍ የሚይዙት አጋዎች ነበሩ፣ በልጅነታቸው የተሰለቡ፣ ብዙዎቹ ከእኛ ሀገር። የመጨረሻዎቹን ጥቂት አጋዎች አንድ የሳዑዲ ፎቶ አንሺ በ2013 አካባቢ አንሥቷቸዋል። እነዚያን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ነጭ ጥምጥም፣ ፊታቸው የጎረቤታችሁ ፊት ነው። እንደዚህ ዓይነት ፎቶ በሕይወቴ አላየሁም። ሰዎቹ ቁባውን አይመስሉም፣ ግን ቁልፉ እነሱ እጅ ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁና ልጨርስ።

የእናቴ አያት ሐጅ ሄደው አልተመለሱም። ከወሎ ነው የሄዱት፣ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት። በቅሎ ሸጠው፣ በእግር ወርደው፣ በጀልባ ተሻግረው። በሁለተኛው ዓመት አንድ የአካባቢው ሰው ተመለሰና «ታመው ሞቱ፣ ሙዓላ ቀበርናቸው» አለ። በቃ። ቤተሰቡ ጋ ያለው ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተዝካር የለ፣ ድንጋይ የለ። ያኔ እንደዚያ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ዕዳውን ከፍሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ተሰናብቶ ነበር የሚወጣው። የሞተ ደግሞ እዚያው ይቀራል፣ አስከሬን የሚመልስ የለም። ዛሬም አብዛኛው እዚያው ነው የሚቀበረው። ሐረም ውስጥ ከፈርድ ሰላት በኋላ የጀናዛ ሰላት ሲጠራ ሰምታችኋል። የማን እንደሆነ አይነገርም፣ ይሰገድበታል፣ ይወጣል።

እናቴ እሳቸውን አላየቻቸውም። ግን ስታድግ በእናቷ አፍ ሲወሩ ሰምታለች። እናም ይህን ፎቶ ሳገኝ፣ ጥራት ያለውን ቅጂ ሳገኝ ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሷ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት። መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ ነው ሙዓላ?»

«ይሄ ነው።»

«አባባ ያሉበት?»

እኔ ደግሞ፣ ሰው አይማርምና፣ ማስረዳት ጀመርኩ። ፎቶው እሳቸው ከመሄዳቸው ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው የተነሣው አልኳት። ይሄ የኸዲጃ ቁባ ነው፣ ይሄ የአሚና ነው ይባላል፣ ግን አሚና አብዋ ነው የሞቱት። እሳቸው ሲደርሱ ቁባዎቹ ፈርሰው ነበር፣ በ1924 እና ከዚያ በኋላ፣ ምናምን ምናምን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ትዕግሥት አላት።

«አትምልኝ» አለችኝ። «ሳሎን እሰቅለዋለሁ።»

በትልቁ አትምልሽ ብዬ አልኳት፣ ቁባዎቹ መሐል ላይ እንዲሆኑ፣ ያ ነው የሚያምረው። ራሷን ነቀነቀች። ስክሪኑ ላይ በጣቷ አሳየችኝ። ከቁባው ግርግዳ በታች ያለውን፣ ያን ድንጋይ በድንጋይ የሆነውን።

«ከዚህ ጀምረህ ቁረጥልኝ። ላዩን አልፈልገውም።»

«እማ፣ እንደዚያ ከሆነ እኮ ድንጋይ ብቻ ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «አባባ ቁባ ሥር አልተቀበሩም።»

ቆረጥኩላት። 30 በ40 ነው ያተምኩት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ያለ ቅባት ወረቀት ላይ። ጠርዙ ላይ የነበረውን ጭረትም አልነካሁትም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላታል፣ የጣልያን መንገድ የሚመስላቸውም አሉ። እሷ ግን ከዙሁር በኋላ ፊቱ ቆማ ፋቲሓ ትቀራለች።

ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ እዚያ ጋ ነው።